«ሣሩ እምቢ አለ»፦ በአዳማ አቅራቢያ የአንድ ሽንኩርት ማሳ ጉዳይ

አጎቴ የደወሉልኝ ለገና አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። «ነይና እይልኝ» አሉኝ። «የሣር መድኃኒት ረጭቼ ነበር። ሽንኩርቱን አልነካውም፣ እሰየው። ሣሩንም ግን አልነካውም።»

ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ድካም አሁንም ትዝ ይለኛል። አጎቴ ከአዳማ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ፣ አዋሽን ተጠግታ ባለች ሁለት ጥማድ መሬት ላይ ሽንኩርት ያለማሉ። መሬቷ የኮንትራት ናት። ውኃው በሞተር ይሳባል። ነዳጁ፣ ችግኙ፣ ማዳበሪያው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ሁሉም ገንዘብ ነው። ያን ዓመት የተከሉት አዳማ ሬድ የሚባለውን ሽንኩርት ነበር።

እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። የግብርና ባለሙያ አይደለሁም። ይህን ጉዳይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የምጽፈው በአንድ ምክንያት ነው። የተክልን ውስጥ ቆርጦ የማየት ትምህርት፣ አናቶሚ የምንለው፣ በየክፍሉ ተሸምድዶ ለፈተና የሚቀርብና በማግሥቱ የሚረሳ ነገር ሆኗል። እኔም ለዓመታት እንደዚያ አድርጌ አስተምሬዋለሁ። በዚያች ማሳ ላይ ግን የአንድ ወቅት ልፋት የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነበር።

ማሳው

በማግሥቱ ጠዋት ሄድኩ። ሽንኩርቱ ቆሟል። በመደቦቹ መካከል ግን ሌላ አረንጓዴ አለ። ከሩቅ ሲያዩት አንድ ዓይነት ይመስላል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ የሚያበራ ቅጠል። ቁጭ ብዬ ሳየው ሁለት ነው።

በቦዩ ዳር ያለው ሰርዶ ነው። እሱ ቢጫ ሆኗል። የመሃሉን ቅጠል ይዤ ስስበው ያለ ትግል ተመዘዘ፤ ግርጌው ቡናማ ሆኖ በስብሷል። መድኃኒቱ ሠርቷል ማለት ነው። መደቡ ላይ ያለው ሌላኛው ግን አሁን ውኃ የጠጣ ነው የሚመስለው። አንድም የተጎዳ ቅጠል የለውም።

«ሁለቱም ሣር ነው» አሉ አጎቴ። «አንዱ ሞተ፤ አንዱ እምቢ አለ።»

መድኃኒቱን የሸጠላቸው ሰው መጠን አሳንሰው እንደሆነ ነግሯቸዋል። ጨምረው ይድገሙት ብሏቸው ሁለተኛ ጠርሙስ ገዝተዋል። ጠርሙሱ ጎጆው ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ ገና አልተከፈተም። በማግሥቱ ሊረጩ ሰው ቀጥረው ነበር።

ጠርሙሱን አንስቼ ጽሑፉን አነበብኩ። በሽንኩርትና በመሳሰሉት ሰብሎች ውስጥ የሚበቅሉ የሣር አረሞችን ያጠፋል ይላል። ውሸት የለበትም። ሻጩም የዋሸ አይመስለኝም። ችግሩ ያለው «ሣር» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። በእኛ አነጋገር ቅጠሉ ቀጭንና ረጅም የሆነ ሁሉ ሣር ነው። ለበዓል የሚጎዘጎዘውን ቄጠማ እንኳ ብዙ ሰው ሣር ይለዋል። በዕፅዋት ምደባ ግን ሣር የአንድ ቤተሰብ ስም ነው። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎ፣ ሸንኮራ፣ ሰርዶ፣ ሁሉም የዚያ ቤት ልጆች ናቸው። ቄጠማ የለበትም። ቄጠማ የራሱ ቤተሰብ አለው።

ይህ ልዩነት ለሊቃውንቱም ቢሆን ቶሎ አልታየም። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ተክሎችን ሲመድብ የአበባቸውን ወንዴና ሴቴ ክፍሎች ይቆጥር ነበር። አብዛኛው ሣርም ቄጠማውም ሦስት ወንዴ ስላላቸው በአንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እያንዳንዳቸው በየቤተሰባቸው የተለዩት እ.ኤ.አ. በ1789 ነው፤ የለያቸውም ፈረንሳዊው አንትዋን ሎራን ደ ዡሲዩ ነው።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ እያወራሁ ሳለ፣ አጠገባችን ታርም የነበረች ሴት ቀና አለች። «እንግጫ እኮ ነው» አለች። «እኛ አገር በመድኃኒት አይሞትም። ሥሩን ካልለቀሙት አይለቅም።» ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ስሙን በትክክል ያወቀችው እሷ ናት፣ ያውም ከሁላችን በፊት። እኔ ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ሁሉ የእሷን ቃል ማረጋገጥ ነው ማለት ይቻላል።

ድፍን ነው? ሸንኮራስ?

አንዱን አበባ ያወጣ ተክል ነቅዬ ዘንጉን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል አሽከረከርኩት። አይሽከረከርም፤ ይንገጫገጫል። ሦስት ጠርዝ አለው። ለአጎቴ ሰጠኋቸው። እሳቸውም ሞከሩት። ቀጥሎ በጥፍሬ ቆረጥኩት። ውስጡ ነጭ ነው፤ እንደ ስፖንጅ የለሰለሰ፣ ክፍተት የሌለው። ከግርጌው እስከ አበባው ድረስ አንድም አንጓ የለውም። ቅጠሎቹ በሦስት አቅጣጫ ነው የሚወጡት። የሣር ቅጠል በሁለት ረድፍ ነው የሚወጣው፤ የሣር ግንድ ክብ ነው፤ አንጓ አለው፤ በአንጓና በአንጓ መካከል ብዙ ጊዜ ባዶ ነው።

«ይሄ ሣር አይደለም ጋሼ» አልኳቸው። «ድፍን ነው፣ ያዩታል።»

አጎቴ ትንሽ አሰቡ። እጃቸውን ወደ ወንጂ አቅጣጫ ዘረጉ። «ሸንኮራስ ድፍን አይደል? ሸንኮራ ሣር ነው አላልሽኝም?»

መልስ አጣሁ። ልክ ናቸው። ሸንኮራ ሣር ነው፤ ግን ድፍን ነው። በቆሎም እንደዚያው። ከቄጠማ ወገንም ዘንጋቸው ክብ የሆነ አሉ። «ድፍን ከሆነ ሣር አይደለም» የምትለዋ ደንብ፣ ተማሪዎቼን ስንት ዓመት ያስጻፍኳት፣ እዚያው ሸንኮራ አገር ላይ ወደቀች። ባለ ሦስት ጠርዝ መሆኑ ጠንካራ ምልክት ነው። ግን አጎቴ በነጋታው ሊረጩት ያሰቡትን መድኃኒት «ይቅር» ለማለት ከዚያ የበለጠ ማስረጃ ፈለግኩ። ገንዘቡ የእሳቸው ነው። በግምት ማስቆም አልችልም።

«ለሦስት ቀን አይርጩ» አልኳቸው። «ሦስት ቀን ብቻ።» እሺ አሉኝ።

ምላጭና ካሮት

እንግጫውን ከነሥሩ፣ ሰርዶውን፣ አንድ ሽንኩርት ከነቅጠሉ፣ አንድ ቁራጭ ሸንኮራ ከነቅጠሏ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ አዳማ ገባሁ። የትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ሁለት የሚሠሩ ማይክሮስኮፖች አሉት። ሌላ የሚያስፈልገውን ከሱቅ ገዛሁ፤ አዲስ ምላጭ፣ ካሮት፣ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም፣ በረኪና። ከፋርማሲ ደግሞ ለአፍ ቁስል የሚቀባውን ሐምራዊ ጄንሺያን ቫዮሌት።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ማንም ሊያደርገው ይችላል። ካሮቱን ለሁለት ትሰነጥቁታላችሁ። ቅጠሉን በመካከሉ ታስገቡታላችሁ። ምላጩን ውኃ ታስነኩትና ካሮቱንና ቅጠሉን አንድ ላይ ወደ ራሳችሁ እየሳባችሁ ትቆርጣላችሁ፤ በጣም ስስ አድርጋችሁ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ። ቁራጮቹን ውኃ ውስጥ ትጥሏቸዋላችሁ። የካሮቱ ይሰምጣል ወይም ተለይቶ ይታወቃል፤ የቅጠሉ እንደ ክር ይንሳፈፋል። ከሃያ አንዱ ቢሳካ ጥሩ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ቀን ከሰዓት የጨረስኩት በመቁረጥ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ዘንጉን አየሁ። ሦስት ማዕዘን ነው። ከቆዳው ሥር የጥንካሬ ክሮች ተደርድረዋል። ውኃና ምግብ የሚያመላልሱት ቱቦዎች፣ ዛይለምና ፍሎየም፣ በእሽግ በእሽግ ሆነው በመላው ዘንግ ተበትነዋል። ይህ መበተን አንድ ነገር ይናገራል። ተክሉ ባለ አንድ ክክ ነው፤ እንደ ባቄላ ያሉት ባለ ሁለት ክኮች እሽጎቻቸውን በቀለበት ነው የሚደረድሩት። ግን ሸንኮራውም የተበተነ ነው። ሣርና ቄጠማን አይለይም።

ቀጥሎ የመተንፈሻ ቀዳዳዎቹን፣ ስቶማታውን፣ ለማየት ቅጠሉ ላይ የጥፍር ቀለም ቀባሁ። ሲደርቅ በፕላስተር ላጥ አድርጌ አነሳሁት። የቅጠሉ ቆዳ ቅርጽ ቀለሙ ላይ ታትሞ ይቀራል። የሽንኩርቱ ግልጽ ነው። ቀዳዳውን የሚጠብቁት ሁለት ህዋሶች እንደ ኩላሊት ጎበጥ ያሉ ናቸው። የሰርዶው ሌላ ነው። ጫፍና ጫፋቸው የወፈረ፣ መሃላቸው የቀጠነ፣ ስፖርተኛ በእጁ የሚያነሳውን ብረት የመሰሉ ሁለት ህዋሶች። ይህ የሣር መለያ ነው ተብሎ በሰፊው ይታወቃል።

የእንግጫውን አስቀመጥኩ። እሱም እንደ ሰርዶው ነው።

ልቤ ደነገጠ። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ሻጩ ልክ ነው ብዬ እመለስ ነበር። ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ነገሩ ተገለጠልኝ። ሣርና ቄጠማ የሩቅ ባዳዎች አይደሉም። በዛሬው ምደባ ሁለቱም በአንድ ትልቅ ክፍለ መደብ ውስጥ ናቸው። ሽንኩርት ሌላ ክፍለ መደብ ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህ የስቶማታ ቅርጽ የሚነግረኝ ሁለቱ ዘመድ መሆናቸውን እንጂ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን አይደለም። አናቶሚን ለምደባ ሲጠቀሙ ትልቁ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ምልክት የሚለይበት የራሱ ደረጃ አለው። የእሽጎች መበተን ባለ አንድ ክክን ይለያል። ስቶማታው ከዚያ ዝቅ ብሎ ይለያል። ቤተሰቡን የሚለይ ምልክት ገና መፈለግ አለብኝ።

ኮርቻና ጎጆ

ሣርና ቄጠማ ከአፈር ሲሊካ ይመጥጣሉ። ሲሊካ አሸዋና ብርጭቆ የሚሠራበት ነገር ነው። በቅጠላቸው ቆዳ ህዋሶች ውስጥ ያስቀምጡታል። የበቆሎ ቅጠል እጅ የሚቆርጠው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ሲሊካ ህዋሱ ውስጥ ሲጠጥር ቅርጽ ይይዛል። ቅርጹም እንደየቤቱ ይለያያል።

ይህን ጉዳይ በስፋት ያጠናው እንግሊዛዊው ሜትካፍ ነው። በለንደን በሚገኘው የኪው የዕፅዋት ማዕከል በጆድሬል ቤተ ሙከራ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው። የሣሮችን አናቶሚ እ.ኤ.አ. በ1960፣ የቄጠማውን ቤተሰብ ደግሞ በ1971 አሳትሟል። ገና እ.ኤ.አ. በ1883 ራድልኮፈር የሚባል ጀርመናዊ የመጪው መቶ ዓመት ምደባ የአናቶሚ ዘዴ ይሆናል ብሎ ተናግሮ ነበር። እንደ ሜትካፍ ያሉ ሰዎች ያን ቃል በሥራ ፈጸሙት። ሺህ ቅጠል ቆርጦ፣ ሺህ ሥዕል ስሎ፣ ለማያውቃቸው ሰዎች ማስቀመጥ። እኔ አዳማ ላይ በበረኪናና በምላጭ የማደርገው ነገር ትርጉም የሚኖረው እነሱ ያን ሁሉ አስቀድመው ስላዩ ነው። ይህን ሳስብ ምስጋና ይሰማኛል።

ቅጠሉን ገልብጬ ሥጋውን በምላጭ ፋቅኩ፤ የወዲያኛው ቆዳ ብቻ እስኪቀር። የቀረችውን ስስ ልጣጭ አረንጓዴው እስኪለቅ በረኪና ውስጥ ነከርኳት። አጥቤ አየሁ። ከሰርዶው ጀመርኩ። የቆዳው ህዋሶች ረጅምና አጭር፣ ረጅምና አጭር እየሆኑ ይፈራረቃሉ። በአጫጭሮቹ ውስጥ የሚያበሩ ነገሮች አሉ። ኮርቻ ናቸው። የፈረስ ኮርቻ ከላይ ሲታይ ያለው ቅርጽ፣ ግራና ቀኙ ወጣ ብሎ መሃሉ ገባ ያለ። በረድፍ በረድፍ፣ ጭነት ያወረዱ ፈረሶች ኮርቻ የተደረደረ ይመስላል። የሸንኮራው ሌላ ነው፤ ሁለት ኳስ በአጭር አንገት የተያያዘ። ግን እሱም በአጫጭር ህዋሶች ውስጥ ነው፤ ህዋሶቹም ይፈራረቃሉ። አጎቴ ያነሱት ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ አገኘ። ሸንኮራ ድፍን ቢሆንም ቆዳው የሣር ቆዳ ነው።

የእንግጫውን አስቀመጥኩ። የሚፈራረቅ ነገር የለም። ህዋሶቹ ረጃጅም ብቻ ናቸው። ከሥራቸው የጥንካሬ ክር ባለባቸው ረድፎች ላይ ትንንሽ ክቦች አሉ፤ በእያንዳንዷ ክብ መሃል አንዲት ነጥብ። ማይክሮስኮፑን ከፍ ዝቅ ሳደርገው ነጥቧ ቀድማ ትጠራለች፣ ከዚያ ክቧ። ሾጣጣ ነው ማለት ነው። የጎጆ ክዳን ከሰማይ ሲታይ፣ መሃሉ ላይ ጉልላቱ። ኮርቻ የለም። በአንድ ህዋስ ውስጥ ሁለት ሦስት ጎጆ ተደርድሯል።

ይህ የቄጠማ ቤተሰብ ፊርማ ነው። ከወንበሬ ተነስቼ ቤተ ሙከራው ውስጥ ዞርኩ። የምነግረው ሰው አልነበረም። ለአጎቴ ደወልኩ፤ «ጋሼ፣ ኮርቻ የለውም!» አልኳቸው። ምን እንደምል አልገባቸውም። ግን «እንዳይረጩት» ስላቸው ገባቸው።

ሽንኩርቱን ያዳነው እንግጫውንም አዳነው

መድኃኒቱ ለምን አልሠራም የሚለው ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። እንዲህ ያሉት ሣር ገዳይ መድኃኒቶች የሚመቱት ተክሉ ስብ ለመሥራት የሚጠቀምበትን አንድ ኤንዛይም ነው። ስብ ከሌለ አዲስ ህዋስ አይገነባም። ስለዚህ የሚያድገው መሃሉ ቀድሞ ይሞታል፤ ሰርዶው ከመሃል የተመዘዘልኝ ለዚህ ነው። የሣር ቤተሰብ በአረንጓዴው የህዋስ ክፍል፣ በክሎሮፕላስት ውስጥ፣ የያዘው ኤንዛይም አንድ ወጥ ትልቅ ፕሮቲን ነው። መድኃኒቱ እሱ ላይ ይጣበቃል። የሌሎቹ ባለ አንድ ክኮችም ሆነ የባለ ሁለት ክኮቹ ኤንዛይም በአብዛኛው ከብዙ ቁራጮች የተገጣጠመ ሌላ ዓይነት ነው፤ መድኃኒቱ አይዘውም። ይህን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የጃፓን ተመራማሪዎች አሳይተዋል።

ሽንኩርት ባለ አንድ ክክ ሆኖ ሳለ ከመድኃኒቱ የሚተርፈው ሣር ስላልሆነ ነው። እንግጫውም የተረፈው ሣር ስላልሆነ ነው። አጎቴ ሽንኩርታቸው ደህና በመሆኑ የተደሰቱበት ምክንያትና እንግጫው እምቢ ባለበት የተናደዱበት ምክንያት አንድ ነው። ሁለተኛው ጠርሙስ ቢረጭ፣ መጠኑ ቢጨመርም፣ ብሩ ይሄዳል እንጂ እንግጫው አይሄድም ነበር።

አረንጓዴው ቀለበት

ቤተሰቡ ታወቀ። ግን የቄጠማ ቤተሰብ ሰፊ ነው። የትኛው ወገን? ሦስተኛውን ቀን ለዚህ ሰጠሁት።

የእንግጫውን ቅጠል በአግድም ቆርጬ ሳየው በየእሽጉ ዙሪያ ጥቁር አረንጓዴ ቀለበት አለ። ሃበርላንት የሚባል የኦስትሪያ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ይህን ዓይነቱን አሠራር በጀርመንኛ ክራንስ አለው፤ ጉንጉን ማለት ነው። ጉንጉኑ ያላቸው ተክሎች በኃይለኛ ፀሐይና ሙቀት ምግባቸውን በፍጥነት ያዘጋጃሉ። ሽንኩርቱ ቀለበት የለውም። ሰርዶው አለው። የሚገርመው ግን ቦታው ነው። በሰርዶው ግድግዳቸው የወፈረ፣ ቀለም የሌላቸው ህዋሶች ከውስጥ፣ አረንጓዴው ቀለበት ከውጭ ነው። በእንግጫው ተገላቢጦሽ ነው። ቀለም የሌለው ከውጭ፣ አረንጓዴው ከውስጥ፣ ቱቦዎቹን ታክኮ። ይህን ለመለየት ሐምራዊው ቀለም ረዳኝ፤ የወፈረውን ግድግዳ ይይዘዋል። አንዷ ቁራጭ ላይ ብቻ ነው በደንብ የታየኝ። አንዷ በቂ ናት።

ሣሮቹና ቄጠማዎቹ ለአንድ ዓይነት ፀሐይ አንድ ዓይነት መፍትሔ በየፊናቸው አገኙ፤ የተጠቀሙበት ህዋስ ግን የተለያየ ነው። በውስጠኛው ህዋስ መጠቀም ከቄጠማ ቤተሰብ የአንዱ ወገን፣ የሳይፐረስ፣ ትልቁ ክፍል ባሕርይ ነው። የስዊዘርላንዱ ሪክሊ እ.ኤ.አ. በ1895 ሳይፐረስን ለሁለት የከፈለው በዚሁ ነበር፤ ቀለበት ያለውና የሌለው ብሎ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በዲኤንኤ ሲመረመር ቀለበት ያላቸው ሳይፐረሶች በእርግጥም ከአንድ አያት የወጡ ሆነው ተገኙ። የሌላቸው ግን አንድ ቡድን አይደሉም። ሪክሊ በምላጭ ያየው ግማሹ ጸና፣ ግማሹ ተስተካከለ።

ከሳይፐረስ ውስጥ የትኛው ዝርያ ነው የሚለውን አናቶሚ አልመለሰልኝም። ምላጬን አስቀምጬ ወደ ሥሩ ተመለስኩ። እንቡጦቹ፣ ተክሉ እንደገና የሚበቅልባቸው ድቡልቡል ነገሮች፣ ከመሬት በታች እንደ መቁጠሪያ በክር ተያይዘዋል። ጥቁር ቡናማ ናቸው። አንዷን አጥቤ ቀመስኩ፤ ትመራለች። አበባው ቀይ ቡናማ ነው። ሳይፐረስ ሮተንደስ ነው። ወንድሙ ሳይፐረስ ኤስኩለንተስ አበባው ቢጫነት አለው፣ እንቡጡ በክሩ ጫፍ ላይ አንድ ብቻ ነው፣ ይጣፍጣል። በእኛ አገር እንግጫ የሚለው ስም ከአንድ በላይ ዝርያ ይይዛል፤ ለዘመን መለወጫ ልጃገረዶች የሚነቅሉትም እንግጫ ነው። ስለዚህ ስሙ ብቻውን አይበቃም ነበር። ይህን ሮተንደስ የአረም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ከዓለም አረሞች ሁሉ የከፋው ብለውታል። ከ90 በላይ በሆኑ አገሮች ተመዝግቧል።

ከዚያ ወዲህ

ያን ወቅት ሽንኩርቱ በእጅ ታርሞ ነው የወጣው። ውድ ነበር። አጎቴ እንዳሰቡት አላተረፉም፤ አልከሰሩም ግን። ለሁለተኛው ርጭት ሊከፍሉ የነበረውን ለአራሚዎቹ ከፈሉ። ያቺ ስሙን የነገረችን ሴት ሌሎቹን ስትመራ ነበር። ቅጠሉን አትቁረጡ፣ በመቆፈሪያ ከሥሩ አንሱ፣ የሥሩን ፍሬ በጆንያ አውጡ ትላቸዋለች። ልክ ናት። የእንቡጦቹ ሰንሰለት ሲበጠስ ተኝቶ የነበረው እንቡጥ ሁሉ ይነቃል። በማሳው ውስጥ ቆራርጦ መተው መዝራት ነው።

ሽንኩርቱ ከተነሳ በኋላ አጎቴ ፀሐዩ ሲከር መሬቱን ደጋግመው አረሱት። አብዛኛው እንቡጥ ከላይኛው የአፈር ክፍል ነው ያለው። ወደ ላይ ወጥቶ በአዳማ ፀሐይ ሲደርቅ ይሞታል። ውኃ እንዳይነካው ሞተሩን ጨርሶ አቆሙት። በክረምቱ በቆሎ አስጠግተው ዘሩ። ይህን ያልኳቸው እኔ ነኝ፣ በዚያ አረንጓዴ ቀለበት ምክንያት። ለኃይለኛ ፀሐይ የተሠራ ተክል ጥላ ይጎዳዋል። ሽንኩርት ቅጠሉ ቀጥ ያለና ቀጭን ስለሆነ ጥላ አይጥልም፤ እንግጫው እንደ ልቡ ይሆናል። በቆሎ ግን መሬቱን ይሸፍናል። በቆሎው ሥር የበቀለው እንግጫ የገረጣና የሰለለ ነበር።

በኅዳር ሽንኩርት ሲተከል እንግጫው ነበር። አልጠፋም። ግን መደቡን ሁለት ሰው በአንድ ጠዋት የሚያርመው ሆነ። ከቦዩ በላይ ባለችው ጥግ ውኃ ስለሚያቁር እዚያ አሁንም ወፍራም ነው።

ያቺ ሁለተኛ ጠርሙስ ሳትከፈት ነበር የተቀመጠችው። አንድ ቅዳሜ አጎቴ ሊመልሷት አዳማ ሲመጡ አብሬያቸው ሄድኩ። ሻጩ መጀመሪያ «የተሸጠ አይመለስም» አለ። አጎቴ አልተከራከሩም። ከኮታቸው ኪስ አንድ ዘንግ እንግጫ አወጡ፤ ጠዋት ከማሳው የነቀሉት ነው። ባንኮኒው ላይ አስቀመጡለት። «እንካ፣ በጣትህ አሽከርክረው» አሉት።

ሻጩ አነሳው። አሽከረከረው። ቆም አለና እንደገና፣ በቀስታ፣ ሞከረው።

«ሦስት ጠርዝ አለው» አለ።